እንግዳና ማዕድ፦ የባላገሩን ምግብ ማወቅ ምን ማለት ነው?



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚወርድ መንገደኛ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከተማይቱ ሲደርስ አስቀድሞ የሚደነቀው በልምላሜዋ ነው። ዝናቡ፣ ጫካው፣ በየቤቱ ደጃፍ የቆመው እንሰት፣ በጥላ ዛፍ ሥር የተሸሸገው ቡና ዓይኑን ይሞሉታል። ወዲያውም «እንዴት ያለ የተባረከ አገር ነው!» ይላል። ሰውየው አልዋሸም። ነገር ግን ዓይን የሞላ ሁሉ ልብ አይገባም፤ ያየነውን አገር ሁሉ አወቅነው ማለትም አይቻልም።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ሰው ያልተወለደበትን ገጠር «አወቅሁት» ለማለት የሚችለው መቼ ነው? ይልቁንም የባላገሩ ማዕድ በፊቱ ሲቀርብ ምን ዓይነት ግዴታ ይወድቅበታል? ጥያቄው ሲታይ የወግና የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የግብረ ገብ ጥያቄ መሆኑን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንዲት እናት ቤት ነው።

ያልተበላው ጎደሬ

የዘርአ ክህነት ትምህርቴን ጨርሼ ወደዚህ አገር በተላክሁበት በመጀመሪያው ዓመት ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ጤፍ በሚዘራበት፣ ምግብ ሲባል እንጀራ ማለት በሆነበት አገር ነው። ጊዜው ክረምት ስለ ነበር መንገዱ በጭቃ ተበላሽቶ መኪና አያስገባም። ከሚዛን ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ መንደር በእግሬ ስሄድ በምሳ ዕቃ እንጀራና ሽሮ ቋጥሬ ያዝሁ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት «ሆዴን እንዳያመኝ» የሚል ነበር።

በመንደሩ የተቀበለችኝ ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት እናት ናት። ከእሳቱ ዳር አስቀመጠችኝ፤ የረጠበ ልብሴን እንዳደርቅ እንጨት ጨመረች። ከዚያም የተቀቀለ ጎደሬ ልጣ በእንሰት ቅጠል ላይ ከጨውና ከበርበሬ ጋር አቀረበችልኝ፤ በቅል ደግሞ ጨሞ ቀዳችልኝ። እኔም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጠግቤአለሁ» አልሁ። ጨሞውን ወደ አፌ አስጠግቼ ከንፈሬን ብቻ አርጥቤ መለስሁት። እርሷ ምንም አላለችም። ስወጣ የልጅ ልጇን መንገድ እንዲያሳየኝ አብራኝ ላከችው። ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ረሃቡ ስለ ጠናብኝ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ምሳ ዕቃዬን ከፈትሁ። ልጁ ቆሞ ይመለከተኝ ነበር። ላካፍለው እጄን ብዘረጋ እንቢ አለ።

ከወር በኋላ ተመልሼ ሄጄ ሕዝቡን ለትምህርት በሰበሰብሁ ጊዜ ያች እናት ከኋላ ተነሥታ በቤንችኛ አንድ ነገር ተናገረች። ተርጓሚው ቃሉን ለማለስለስ ጥቂት ከተንተባተበ በኋላ እንዲህ ሲል ነገረኝ፦ «አባ፣ ሳትበሉ ነው የምታስተምሩን?»

ማንም አልሳቀም። እኔም መልስ አልነበረኝም።

በእርግጥ ለራሴ ጠበቃ ልሆን እችል ነበር። ውኃው፣ የሆድ ሕመሙ፣ ልማዱ ሁሉ ምክንያት ይሆናል። ነገር ግን ያች ሴት ስለ ሆዴ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ በመካከላችን ስላለው ቦታ ነው። የመጣሁት ልሰጥ ነው፤ ትምህርት ልሰጥ፣ ምክር ልሰጥ፣ መድኃኒት ቢገኝም ልሰጥ። ከእርሷ ግን አንዳች ነገር ለመቀበል አልፈቀድሁም። ሁልጊዜ ሰጪ፣ ፈጽሞ ተቀባይ አለመሆን ደግሞ ደግነት የሚመስል ትዕቢት ነው። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን ብሂል ብዙውን ጊዜ የምንናገረው ለባለቤቱ ነው፤ እንግዳውን በፈገግታ ይቀበል ዘንድ። ባለቤቱም የእንግዳውን ፊት እንደሚያነብ ግን እንዘነጋለን። የእኔን ፊት ያች እናት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አንብባው ነበር።

መቅመስና መብላት

በአንድ አፍ የሚፈጸሙ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ፤ መቅመስና መብላት ናቸው። ቀማሽ እጁን ወደ ማዕዱ ሲሰድ ልቡ በችሎት ወንበር ላይ ተቀምጧል። «ይጣፍጣል» ወይም «አይጣፍጥም» ብሎ ይፈርዳል፤ ፈርዶም ተነሥቶ ይሄዳል። ቀማሽ ዳኛ ነው። በላተኛ ግን ባለዕዳ ነው። የሌላውን ሰው ድካም ወደ ገዛ ሰውነቱ አስገብቷልና ከዚያ በኋላ ያንን ቤት እንደማያውቀው ሰው ቤት ሊያልፈው አይችልም።

አባቶቻችን በመንገድ ሲመሽባቸው በማያውቁት ሰው ደጃፍ ቆመው «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይሉ ነበር። ይህ ንግግር ተራ ልመና አይደለም። ተናጋሪው ራሱን በባለቤቱ እጅ ይጥላል፤ ባለቤቱም ያለውን ያቀርባል፤ በእንዲህ ያለ ሌሊት ምግብ የሚያማርጥ የለም። የዛሬውን መንገደኛ ግን መኪናው ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ የታሸገ ውኃው በእጁ ነው፤ ወደ ከተማ ተመልሶ የለመደውን እንደሚበላ ያውቃል። ስለዚህ ለእርሱ በባላገሩ ቤት መብላት የግድ መሆኑ ቀርቶ የፈቃድ ሥራ ሆኗል። ፈቃድ ባለበት ደግሞ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ።

መብላትን በግድ የተማሩ ሰዎችም በዚህ አገር እንዳሉ መዘንጋት አይገባም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅና በረሃብ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አያሌ ቤተሰቦች ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ የአገራችን ክፍል ሰፈሩ። በቴፒ ዙሪያና በአካባቢው ባሉ ወረዳዎችም የሰፈሩ አሉ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያውቁት ጤፍና ማሽላን እንጂ ጎደሬንና እንሰትን አልነበረም። ለእነርሱ የባላገሩ ምግብ የጉብኝት ወግ ሳይሆን ሕይወት ነበር። በሌላ በኩል ይህንን ያህል እንግዳ በላዩ ሲመጣበት ነባሩን ባላገር «ትቀበላለህን?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ተቀባይ ሳይጠየቅ፣ እንግዳም ሳይመርጥ የተገናኙበት ይህ ታሪክ ስለ እንግድነት በምንናገረው ሁሉ ላይ ጥላውን ያጠላል። ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

በቅጠሉ ላይ የነበረው ነገር

ያን ቀን ያልበላሁት ምን ነበር? ይህን ለመመለስ ዓመታት ወስዶብኛል።

ጎደሬ በእርጥብ መሬት፣ በቡናውና በእንሰቱ መካከል የሚበቅል ሥራ ሥር ነው። ጥሬውን ወይም በቅጡ ሳይበስል ቢበሉት አፍንና ጉሮሮን ያሳክካል። ስለዚህ ያች እናት ያቀረበችልኝ ምግብ ከእናቷ፣ እናቷም ከአያቷ የተማረችው ጥበብ አለበት፤ የትኛው ዝርያ ለየትኛው ማሳ እንደሚስማማ፣ መቼ እንደሚቆፈር፣ ምን ያህል እንደሚቀቀል የሚያውቅ ጥበብ ነው። የደረሰ ጎደሬ ቤተሰቡ እስኪፈልገው ድረስ ለጊዜው በመሬት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የእህል አገር ሰው ሀብትን የሚቆጥረው በጎተራ ነው፤ ጎተራ የሌለውን ቤት ሲያይ «ድሃ ነው» ይላል። ጎተራው ከእግሩ በታች፣ በቆመበት አፈር ውስጥ መሆኑን ግን አያስተውልም። እኔም አላስተዋልሁም።

እንሰትም እንዲሁ ነው። እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከተተከለ ከ4 እስከ 7 ዓመት ቆይቶ ይደርሳል። በአንድ ጓሮ ውስጥ የዘንድሮ ችግኝ፣ የካቻምናው ተክልና ለፍቂያ የደረሰው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ይህን የሚተክል ሰው ገና ያልተወለደ ልጁ የሚበላውን ዛሬ እያሰበ ነው ማለት ነው። ሲደርስ ሴቶች ግንዱን ይፍቃሉ፤ ሥሩን ይከትፋሉ፤ በእንሰት ቅጠል በተለበደ ጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል፤ ከዚያም ቆጮውና ቡላው ይወጣል። ቅጠሉ ሰሃን፣ መጠቅለያና የዳቦ መጋገሪያ ይሆናል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል። ከአገራችን ሕዝብ በሚሊዮን የሚቆጠረው በዚህ ተክል ይኖራል። ባዕዳን ግን በቋንቋቸው «ሐሰተኛ ሙዝ» ብለው ሰየሙት። ስሙ ከመልክ መመሳሰል የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ በክፋት የተሰጠም አይመስለኝም። ይሁን እንጂ የሌላውን ሰው ምግብ በራሱ ማንነት ሳይሆን ከእኛ ምግብ በጎደለው ነገር የመሰየም ልማድ ከዚህ ይልቅ በምን ይገለጻል? እኛም በሰሜኑ አገር «እህል የሌለበት አገር» ስንል ከዚህ የተሻለ አልተናገርንም።

ጨሞ ደግሞ የቡና ቅጠል ነው። ቅጠሉ ይወቀጣል፤ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣና መዓዛ ካላቸው ቅጠላ ቅጠሎች ጋር ይፈላል፤ በቅልም ይጠጣል። በቤንች፣ በሸኮና በማጃንግ ቤቶች እንግዳ የሚከበርበት መጠጥ ነው። የቡናው ፍሬ ብዙውን ጊዜ እሸቱን ወይም ጀንፈሉን ሆኖ ወደ ነጋዴ ይሄዳል፤ ቅጠሉ ለቤት ይቀራል። የዓለም ሰው በየጠዋቱ የዚህን አገር ቡና ይጠጣል እንበል፤ የዚህን አገር ሰው መጠጥ ግን አልቀመሰውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጫካው አለ። ቡናው ከዋንዛና ከብሳና ጥላ በታች ያድጋል፤ በሥሩ ኮረሪማና ጥምዝ ይበቅላሉ፤ በረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ የንብ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። በሸካና በካፋ እያንዳንዱ የጫካ ክፍል ቀፎ በመስቀል መብት የሚታወቅ ባለቤት ያለው ሲሆን ይህን ይዞታ ቆቦ ይሉታል። ከውጭ የመጣ ሰው «ባለቤት የሌለው ዱር» የሚለው ደን በሕግና በወሰን የተጠበቀ የአባቶች ርስት ነው ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የካፋን ደን በ2002፣ የሸካን በ2004፣ የማጃንግን በ2009 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ አስፍሯል። ይህ ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት ደኑን ማን ጠበቀው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ያን ዕለት ጎደሬ ልጣ ባቀረበችልኝ እናት ቤት ውስጥ ይገኛል።

ከፈረንሳይ ገጠር የሚገኝ ትምህርት

እዚህ ላይ ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል። የፈረንሳይ ሰዎች የባላገሩን ምርት በተወለደበት ቦታ ስም መጥራት የቆየ ልማዳቸው ነው። ሮክፎር በሚባል መንደር ከበግ ወተት የሚሠራው አይብ በ1925 እ.ኤ.አ. ስሙ በሕግ ተጠበቀ። በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ የወይን ጠጅ በተሠራበት ቦታ ስም የሚጠበቅበት ሥርዓት ተቋቋመ። ከዚያ ቦታ ውጭ የተሠራውን በዚያ ስም መሸጥ ክልክል ሆነ። አፈሩን፣ አየሩንና የሰዉን ልማድ በአንድነት የሚያስተባብር «ተርዋር» የሚሉት ቃልም አላቸው። የዚህ አስተሳሰብ ፍሬ ነገር ምግብን ከሠራው ሰውና ከበቀለበት መሬት ነጥሎ ማወቅ አይቻልም የሚል ነው። ይህ መልካም ትምህርት ነው፤ አድናቆትን ከቃል አውርዶ በሕግና በዋጋ ላይ አስቀምጧልና።

ነገር ግን ታሪኩ ሌላ ገጽ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረንሳይ ገበሬዎች በብዛት እርሻቸውን እየተዉ ወደ ከተማ ፈለሱ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የከተማ ሰዎች የእረፍት ጊዜያቸውን በገጠር ቤት ተከራይተው የሚያሳልፉበት ድርጅት ተቋቁሞ ተስፋፋ። ከተማው ገጠሩን እንደ አዲስ «አገኘው» ማለት ነው። ነገር ግን ከሚከራዩት ቤቶች ብዙዎቹ ባዶ የቀሩት የሚኖርባቸው ሰው ስለ ሄደ ነው። አንሪ ማንድራስ የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ላይ የገበሬዎችን ፍጻሜ አወጀ። ስለዚህ የባላገሩ ማዕድ እጅግ የተወደሰው ባላገሩ እየቀነሰ በሄደበት ዘመን ነው። ውዳሴ አንዳንድ ጊዜ ሙሾ ነው፤ ሙሾ ደግሞ የሚወርደው ለሞተ ነው። እኛ የምናወድሰው ባላገር ገና በሕይወት አለ። ይህ ዕድላችን ነው፤ ኃላፊነታችንም ነው።

የጌሻ ቡና

ከዚህ አገር የተገኘ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በማጂ የነበረ የእንግሊዝ ቆንስል በዚሁ ደቡብ ምዕራብ ከሚገኘው ከጌሻ ጫካ የቡና ዘር ሰብስቦ ላከ። ዘሩ ወደ ኬንያና ወደ ታንዛንያ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ ኮስታሪካ፣ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። ለብዙ ዓመታት ትኩረት የሰጠው ሰው አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. (በ2004 እ.ኤ.አ.) ግን አንድ የፓናማ እርሻ ይህንኑ ቡና ለብቻው ለይቶ ለውድድር አቀረበ፤ ዳኞቹም በመዓዛው ተደነቁ፤ በጨረታው አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ። በ2011 ዓ.ም. (በ2019 እ.ኤ.አ.) በዚያው አገር ጨረታ የጌሻ ቡና አንዱ ፓውንድ 1,029 ዶላር አወጣ። ስሙም በፊደል አጻጻፍ ምክንያት ተለውጦ ብዙ ጠጪዎች ከጃፓን የመጣ ይመስላቸዋል።

ይህን ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ ነበር። ነገሩን ደግሜ ሳስበው ግን ቁጣዬ በከፊል ቦታውን እንደሳተ ተረዳሁ። ዘር በባሕርዩ ተጓዥ ነው። እኛም በቆሎን፣ በርበሬንና ድንችን ከአሜሪካ ምድር ተቀብለን የራሳችን አድርገናል፤ በየዓመቱ በቆሎ ስንዘራ ለማንም ምስጋና አንልክም። የፓናማ ገበሬዎችም ቡናውን በትጋት አልምተዋል እንጂ አልሰረቁም። በደሉ ያለው ዘሩ በመሄዱ ሳይሆን ሰጪው በመረሳቱ ነው። የመዓዛው ዝና ዓለምን ሲዞር የጫካው ባለቤት በቀማሾች ፊት አልተጠራም፤ ከዋጋውም አልተካፈለም። በዚህ ረገድ አገራችን የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያደረገችው ክርክርና በ1999 ዓ.ም. ከአንድ ታላቅ የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ጋር የደረሰችበት ስምምነት ስም ዕዳን የሚያስታውስ መሆኑን ያሳያል። ስሙን የጠራ ሰው ቢያንስ ለማን እንደሚበደር አውቋል።

ሦስት ተቃውሞዎች

እስካሁን የተናገርሁትን ማንም ጠንቃቃ አንባቢ በሦስት መንገድ ሊቃወመው ይችላል።

አንደኛው፦ «ድሃው ያለችውን አንዲት ዶሮ አርዶ እንግዳ ያበላል፤ ልጆቹም ያያሉ። አለመብላት ይሻላል» የሚል ነው። ይህ እውነት ያለበት ተቃውሞ ነው። በድሃ ቤት ያለ ልክ መብላት በደል ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ እምቢ ማለት አይደለም። ጥቂት በልቶ ማመስገን፣ ሲመለሱም ባዶ እጅን አለመምጣት ይቻላል። እምቢታ የድሃውን ዶሮ ያተርፍ ይሆናል፤ ክብሩን ግን ይወስዳል።

ሁለተኛው፦ «እናንተ የገጠርን ኑሮ ታሳምራላችሁ፤ እንሰት መፋቅ ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው፤ ወጣቱም ከመንደሩ ወጥቶ ሚዛንና ቴፒ መግባት ይፈልጋል» የሚል ነው። ይህንንም እቀበላለሁ። መኪና ይዞ የመጣ ሰው «ገጠር ደስ ይላል» ሲል ውኃ ተሸክማ ዳገት ለምትወጣው ልጃገረድ አይናገርም። ባላገሩን ማክበር ማለት እንደ ቤተ መዘክር ዕቃ ባለበት እንዲቆይ መመኘት አይደለም። የእንሰት መፋቂያ መሣሪያ ሥራዋን ቢያቀልላት፣ ልጇም ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቢማር ማዕዷ አይረክስም። የሚያሳስበኝ ልጁ መማሩ ሳይሆን፣ ተምሮ ሲመለስ የእናቱን ጎደሬ በሰው ፊት ለመብላት ማፈሩ ነው። ይህን ኀፍረት ያስተማርነው ደግሞ ምሳ ዕቃችንን ይዘን የመጣነው እኛ ነን።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፦ «አብሮ መብላት ምን ጠቀመ? በአንድ ገበያ የሚገበያዩ፣ በአንድ ቡና የሚጠራሩ ሰዎች አልተገዳደሉምን?» አዎን፤ ተገዳድለዋል። በ1994 ዓ.ም. በቴፒና በአካባቢዋ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በጉራፈርዳ ሰዎች ሞተዋል፤ ቤቶች ተቃጥለዋል። ነባሩም ሰፋሪውም አልቅሷል። በእነዚህ መቃብሮች ፊት ቆሞ «አብረን ቡና እንጠጣ፤ ሰላም ይሆናል» ብሎ መስበክ ቀላል አይደለም። የመሬት፣ የሥልጣንና የፍትሕ ጥያቄ በማዕድ ብቻ አይፈታም። እኔም ማዕድ ሰላምን ያመጣል አልልም። የምለው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሰውን ለመግደል አስቀድሞ ሰውነቱን መካድ ያስፈልጋል፤ ክሕደቱም ከትናንሽ ነገር ይጀምራል። «የእነርሱ ምግብ ምግብ አይደለም፤ የእነርሱ ጫካ የማንም አይደለም፤ የእነርሱ እርሻ እርሻ አይደለም» ማለት የዚያ መንገድ መግቢያ በር ነው። በሌላው ወገን ደግሞ «ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት እዚህ ቢያርስም፣ ልጁ እዚህ ቢወለድም እንግዳ ነው» ማለት ሌላው በር ነው። ማዕድ ሁለቱን በሮች አይዘጋቸውም ይሆናል፤ ነገር ግን ክፍት መሆናቸውን ያሳየናል።

የእንግዳ ዕዳ

እንግዲህ እንግዳ ዕዳው ምንድን ነው? በመጀመሪያ የቀረበለትን መብላት ነው፤ ሕመም ካለበትም እውነቱን መናገር። ጠግቤአለሁ ብሎ መዋሸት ዕዳ አይከፍልም። ቀጥሎ የሚበላውን ነገር በስሙ መጥራት፣ እንዴት እንደሚተከልና እንደሚሠራ መጠየቅ፣ ከባለቤቱም እንደ ተማሪ መማር ነው። ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማ የሚገዛም ከሆነ ደግሞ ተገቢውን ዋጋ መክፈል ነው፤ በሚዛን ሰርቆ በአፍ ማድነቅ ስላቅ ነውና። እነዚህን ሦስቱን ያደረገ ሰው መልካም አድርጓል። ግን ገና አልጨረሰም። እንዳልጨረሰ ያወቅሁበትን ነገር ነግሬአችሁ ልደምድም።

ያች እናት ከጠየቀችኝ በኋላ በቤቷ ብዙ ጊዜ በላሁ። ጎደሬውን ለመድሁት፤ ጨሞውንም ወደድሁት። ከዓመታት በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ወደምኖርበት ቤት በቅል ማር ይዛ መጣች። እኔ ከሩቅ ከተማ ከመጡ እንግዶች ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ ነበርሁ። ማሩ በሰሃን ተደርጎ ቀረበልን፤ እንግዶቹም «እንዴት ያለ ማር ነው!» እያሉ አደነቁ፤ እኔም ስለ ጫካውና ስለ ቀፎው በኩራት አብራራሁላቸው። ማሩን ማን እንዳመጣው የጠየቅሁት እንግዶቹ ከተነሡ በኋላ ነው። በጓሮ በኩል በማድ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አንድ ሲኒ ሻይ ተሰጥቷታል። ማንም ክፉ አላደረገባትም፤ እንዲሁ የቤቱ ልማድ ነበር፤ ልማዱን ያስለመድሁትም እኔው ነኝ።

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ፤ ምሳ አልበሉም» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝና በጥቂቱ በምታውቀው አማርኛ «ጠግቤአለሁ፣ አባ» አለችኝ።

ያን ቃል አውቀው ነበር። ከእሳቷ ዳር ተቀምጬ ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣ ሰው በዚያ ቤት በፊት ለፊት በር ይገባል፤ ከጠረጴዛውም ይቀመጣል። እርሷም በሚቀጥለው ገበያ መጥታ ከእኛ ጋር በላች፤ እንጀራው ጥቂት እንደ ኮመጠጣትም ሳትደብቅ ነገረችኝ። እውነቱን ስለ ነገረችኝ ደስ አለኝ። የእንግዳ ዕዳ ተከፈለ የሚባለው የትናንቱ ባለቤት በተራው እንግዳ ለመሆን ሲችል፣ እንግዳም ሆኖ የቀረበለትን ሳይፈራ ለመመዘን ሲችል ነው። ከዚያ በፊት ገጠሩን ጎብኝተናል፤ ቀምሰናል፤ አድንቀንም ሊሆን ይችላል። አውቀነዋል ማለት ግን አንችልም።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ ከእናንተ መካከል ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ ከከተማ ወደ ቤንች፣ ወደ ሸኮ፣ ወደ ሸካና ወደ ማጃንግ መንደሮች የምትወርዱ ሁሉ፣ ስትመለሱ «ምን በላሁ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ሌላ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ ያበላኝ ሰው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ ቤቴ ቢመጣ የሚቀመጠው የት ነው?